ሴት ልጅዎ ማጨስ እንዳትጀምር፣ ከጀመረችም እንድታቆም፤ ለስደተኛ ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በሰው አገር ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች፣ ለታላቅ እህትና ወንድም፣ እንዲሁም ከስደተኛ ወጣቶች ጋር ለሚሠሩ ሰዎች ነው። በዋናነት የሚመለከተው ከ11 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን ቢሆንም አብዛኛው ለወንዶቹም ይሠራል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በስደተኛ ቤት ያለችን ልጅ ሱሱ ውስጥ የሚያቆያት ትልቁ ነገር ድብቅነቱ ነው። ለሴት ልጅ ማጨስ እንደ ከባድ ነውር ስለሚታይ ትደብቃለች። ለመደበቅ ሽታው የማያስነቃውን ትመርጣለች። ሽታው የማያስነቃው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲኑ የበዛ ቬፕ (ፈሳሽ አትንኖ የሚሳብ፣ በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ወይም ከከንፈር ሥር የሚቀመጥ የኒኮቲን ከረጢት ነው። ማቆም ስትፈልግም እርዳታ መጠየቅ ማለት መጋለጥ ስለሚሆንባት ብቻዋን ትታገላለች። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች የተደረደሩት ይህን ሰንሰለት ከመነሻው ለመበጠስ ነው።

እርምጃ 1፦ አደጋው የሚበረታበትን ጊዜና ቦታ ይለዩ

"አገሩ ልጆቻችንን አበላሸብን" የሚለው ምሬት የወላጅን ልብ ያሳርፍ ይሆናል፤ ምን መደረግ እንዳለበት ግን አይነግርም። ስደተኞች ወደ አዲስ አገር ሲገቡ በአብዛኛው ከነባሩ ሕዝብ ያነሰ ያጨሳሉ። ሴቶች እምብዛም ከማያጨሱባቸው አገሮች በመጡ ማኅበረሰቦች ውስጥ ግን ዓመታት ባለፉና ቋንቋው በተለመደ ቁጥር የወንዶቹ ማጨስ ሲቀንስ የሴቶቹ ሲጨምር በተደጋጋሚ ታይቷል። እንግዲህ ቤተሰቡ "አሁንስ ተላመድን" ብሎ ዘና ሲል የልጅቷ አደጋ ገና ከፍ እያለ ሊሆን ይችላል። እዚያው የተወለደችው ታናሽ በ14 ዓመቷ ከመጣችው ታላቋ ይልቅ ልትጋለጥ ትችላለች። "ይቺ እንኳ ሕፃን ናት" ተብላ የምትታለፈው ደግሞ እሷው ናት።

በተለይ የሚጠበቁ ጊዜያት አሉ፦ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የምትሸጋገርበት ዓመት፣ ቤት ወይም ከተማ የተቀየረበት ወቅት፣ ረጅሙ የክረምት ዕረፍት፣ ከቅርብ ጓደኛ ጋር የተጣላችበት ሰሞን። አዲስ ትምህርት ቤት የገባች ልጅ መግባባት ቢያቅታት፣ ቀልዱ ቢያመልጣት፣ አጫሾቹ የሚሰበሰቡበት ጥግ ብዙ ቋንቋ አይጠይቃትም። ላይተር መቀበልና ማቀበል ብቻ ከቡድኑ ያስገባታል። ስለዚህ ቋንቋውን እየተማረች ላለች ልጅ የስፖርት ቡድን፣ መዘምራን ወይም የሥዕል ክበብ መግባት ትርፍ ነገር አይደለም፤ ያው ጥግ የሚሰጣትን ጓደኝነት ያለ ጭሱ ያስገኝላታል። በተቻለ መጠን በመጀመሪያው የትምህርት ወር ያስመዝግቧት።

የሚያጨሱ የቅርብ ጓደኞች መኖራቸው ከሁሉም የጠነከረ ምልክት ነው። ቀጥሎ ቤት ውስጥ የሚያጨስ ወላጅ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እህት መኖሩ ይመጣል። በቆዳ ቀለም፣ በስም ወይም በሃይማኖት ምክንያት መናቅና መገለልም ከማጨስ ጋር ተያይዞ በጥናቶች ይታያል። ልጅቷ "ዛሬ እንዲህ አሉኝ" ስትል "ተያቸው፣ አትስሚያቸው" ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ያን ቀን ያልተነገረው ቁጣ ማረፊያ መፈለጉ አይቀርም። ለወላጆቿ አስተርጓሚ የሆነች ልጅም፣ የሐኪሙን፣ የባንኩንና የመንግሥት ቢሮውን ጉዳይ በትከሻዋ ስለምትሸከም፣ ከዕድሜዋ በላይ ውጥረት አለባት።

ለሴቶች ልጆች የተለዩ ሁለት መግቢያዎች አሉ። አንደኛው ክብደት ነው። ሲጋራ ያቀጥናል የሚለው እምነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ1920ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የሲጋራ ማስታወቂያ ሴቶችን ከጣፋጭ ይልቅ ሲጋራ እንዲያነሱ ይመክር ነበር። በ1929 ኒው ዮርክ በተደረገው የፋሲካ ሰልፍ ላይ ኤድዋርድ በርኔይስ የተባለው የማስታወቂያ ባለሙያ፣ ከሲጋራ ኩባንያ ተከፍሎት፣ ሴቶች "የነፃነት ችቦ" እያሉ እያጨሱ እንዲያልፉ አደረገ። በ1968 የወጣው ቨርጂኒያ ስሊምስ ደግሞ በስሙ ሳይቀር ቅጥነትን የሚሸጥ ነበር። የዛሬው ቬፕ የከረሜላ ቀለምና የፍራፍሬ ጣዕም የዚያው መንገድ ቀጣይ ነው። ይህን ታሪክ ለልጅቷ መንገር ከጤና ስብከት ይልቅ ይሠራል። ጉርምስና ላይ ያለ ሰው መታዘዝን ይጠላል፤ መታለልን ግን ከዚያ የበለጠ ይጠላል።

ሁለተኛው ስሜት ነው። ልጃገረዶች ጭንቀትንና ሐዘንን ለማስታገስ ብለው የማጨስ ዝንባሌያቸው ከወንዶቹ ይበልጣል። የሴት አካልም በኤስትሮጅን ሆርሞን ምክንያት ኒኮቲንን ቶሎ ስለሚያስወግድ ቀጣዩ ሐራራ ፈጥኖ ሊመጣ ይችላል።

እርምጃ 2፦ ምርቶቹን ለይተው ይወቁ

ልጅዎ "እኔ ሲጋራ አላጨስም" ብትልዎት እውነቷን ሊሆን ይችላል።

ሲጋራ፦ ጭሱ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ሲኖሩት ቢያንስ 69ኙ ካንሰር የሚያመጡ ናቸው። "ላይት" የሚባለውና ቀጭኑ ሲጋራ ከሌላው አይሻልም። ማጣሪያው ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር በማስገባት ጭሱን የሚያሳሱት የመለኪያ ማሽን ሲስበው ነው። ሰው ሲይዘው በጣቱና በከንፈሩ ይደፍናቸዋል፤ ኒኮቲን ካነሰውም አጥልቆ ይስባል። ሜንቶል ያለበት ደግሞ ጉሮሮን ስለሚያቀዘቅዝ ጀማሪዋ የመጀመሪያውን ማሳል ሳትቀምስ እንድትለምድ ያደርጋታል።

ቬፕ፦ ማሸጊያው ላይ ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ፦ የፈሳሹ መጠን በሚሊሊትር፣ የኒኮቲኑ ጥንካሬ ደግሞ በሚሊግራም በሚሊሊትር። ሁለቱን ያባዙ። 2 ሚሊሊትር ባለ 20 ሚሊግራም 40 ሚሊግራም ኒኮቲን ይዟል ማለት ነው። በመቶኛ ከተጻፈ 2 በመቶ ማለት 20 ሚሊግራም፣ 5 በመቶ ማለት 50 ሚሊግራም በሚሊሊትር ነው። ለንጽጽር ያህል፣ ከአንድ ሲጋራ ወደ ሰውነት የሚገባው ኒኮቲን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከቬፑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ሰውነት ባይገባም፣ አንዱን በሁለት ቀን የምትጨርስ ልጅ ትንሽ እየወሰደች እንዳልሆነ ከዚህ ይገባዎታል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ጣሪያው 20 ሚሊግራም በሚሊሊትር ነው፤ በሌሎች ቦታዎች ከዚያ በላይ ይሸጣል፤ በኮንትሮባንድ የሚገባው ደግሞ ላዩ ላይ የተጻፈው የማይታመን ነው። "የኒኮቲን ጨው" የሚባለው ዓይነት ጉሮሮን ስለማይከረክር ብዙ ለመሳብ ያመቻል።

ሺሻ፦ ውኃው መርዙን አያጣራም፤ ጭሱን ማቀዝቀዝ ብቻ ነው ሥራው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ ሰዓት በሚፈጅ የሺሻ ቆይታ የሚሳበው የጭስ መጠን የአንድ ሲጋራን ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከሰሉ በተጨማሪ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በሺሻ ቤት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ያስፈልጋል፤ ግራ መጋባት ወይም ራስን መሳት ካለ ለድንገተኛ ሕክምና ይደወላል። በብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች ሺሻ እንደ መዝናኛ ስለሚታይ፣ ሲጋራን የሚያወግዘው ቤት ራሱ ሺሻውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ልጅቷም ይህን ልዩነት ታስተውላለች።

የኒኮቲን ከረጢት፦ ከሻይ ከረጢት ያነሰች ነጭ ነገር ናት፤ ከላይኛው ከንፈር ሥር ትቀመጣለች፤ ጭስ የላትም። ክፍል ውስጥ አስተማሪ ፊት ሳይቀር መጠቀም ስለሚቻል ሱሱ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት ይቀጥላል።

የካናቢስ (ሐሺሽ) ፈሳሽ ያለበት ቬፕ፦ ከውጭ ሲታይ ከኒኮቲኑ ላይለይ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በ2019 በተነሣው የሳንባ ጉዳት ከ2,800 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል ወይም ሞተዋል፤ በዋናነት የተያያዘውም ከመንገድ ላይ ከተገዛ የካናቢስ ፈሳሽና በውስጡ ከተጨመረው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ጋር ነው። ሌላም ጣጣ አለው፦ በአንዳንድ አገሮች ካናቢስ ይዞ መገኘት ዜግነት ላላገኘ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያበላሽ ይችላል። ይህን ለማስፈራራት ሳይሆን እንድታውቀው ይንገሯት።

እርምጃ 3፦ ምልክቶቹን ያስተውሉ፤ ስለላ ግን አይጀምሩ

የሚታዩት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ በየምክንያቱ ወደ መታጠቢያ ቤት መሄድና መቆየት፣ ጣፋጭ የፍራፍሬ ሽታ፣ ጥማት መብዛት፣ የአፍንጫ መድማት፣ ደረቅ ሳል፣ የምሳ ገንዘብ ቶሎ ማለቅ፣ ፍላሽ ወይም ማድመቂያ እስክሪብቶ የሚመስል ዕቃ፣ ከቤት ከመውጣቷ በፊት መቁነጥነጥና ተመልሳ ስትመጣ መረጋጋት። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሦስት አራቱ ሲገጣጠሙ ነው ለመነጋገር የሚያበቃው።

ከፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ ገዝቶ በስውር ማድረግ አይመከርም። የሚለካው ኮቲኒን የተባለው የኒኮቲን ውላጅ ሲሆን በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ለቀናት ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የምታጨስ ልጅ ሐሙስ ብትመረመር ንጹሕ ልትመስል ትችላለች። የኒኮቲን ፕላስተር ከለጠፈችም ሳታጨስ "አለብሽ" ይላታል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ልጅቷ ስታውቅ ድብቅነቱ በእጥፍ መጨመሩ ነው።

እርምጃ 4፦ መጀመሪያ ቤቱን ያስተካክሉ

ቤትና መኪና ውስጥ ማንም አያጨስም የሚል ሕግ ያውጡ፤ እንግዳንም ይጨምራል። መስኮት መክፈት ወይም ኩሽና ገብቶ ማጨስ አይበቃም። የጭሱ ርዝራዥ መጋረጃና ሶፋ ላይ ይቀራል፤ ዋናው መልእክትም "እዚህ ቤት ይጨሳል" የሚለው ነው።

አባት የሚያጨስ ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል። "እኔ ወንድ ነኝ፣ ትልቅ ሰው ነኝ" የሚለው መልስ ልጅቷ ዘንድ ዋጋ የለውም። የሚሻለው በግልጽ መናገር ነው፦ "እኔ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ለማቆም ተቸግሬአለሁ፤ አንቺ ይህ እንዳይደርስብሽ ነው።" አባት በዚያው ሳምንት የማቆም ሙከራ ቢጀምር ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ወንድ ልጅ ሲያጨስ ተቆጥቶ ማለፍ፣ ሴት ስታጨስ ግን የቤተሰብ ውርደት አድርጎ መቁጠርም መቅረት አለበት። ሳንባ ጾታ አይለይም፤ አድልዎው የሚያስተምራት ነገር ቢኖር ጠንቅቆ መደበቅን ነው።

ሲጋራ፣ ላይተር፣ የቬፕ ፈሳሽ ከተገኙ ክፍት ቦታ አይቀመጡ። ፈሳሹ ለታናናሾች መርዝ ነው፤ የጠጣ ሕፃን ሊያስመልሰው፣ ሊገረጣ፣ ሊያልበው ይችላል። ጠጥቶ ከሆነ ምልክቱን ሳይጠብቁ የመርዝ መረጃ መስመር ወይም ድንገተኛ ቁጥር ይደውሉ፤ ለማስመለስ አይሞክሩ።

እርምጃ 5፦ ንግግሩን ይጀምሩ

ሳትጀምር ከሆነ፣ ከ10 ወይም ከ11 ዓመቷ ጀምሮ፣ በአጭር በአጭሩ ደጋግሞ ማንሣት ጥሩ ነው። አንድ ትልቅ ስብሰባ ጠርቶ ሁለት ሰዓት መምከር ይሰለቻል። መኪና ውስጥ ወይም ዕቃ እየታጠበ ሳለ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ማውራት ይቀላል። የምትመልሰው በአዲሱ አገር ቋንቋ ከሆነ አያቋርጧት፤ "በአማርኛ ተናገሪ" የሚባልበት ጊዜ ይህ አይደለም።

መነሻ ጥያቄው ስለ እሷ ባይሆን ይሻላል፦ "ትምህርት ቤታችሁ ቬፕ የሚያጨሱ አሉ እንዴ? የት ሆነው ነው የሚያጨሱት?" ቀጥሎ "አንቺንስ ሰጥተውሽ ያውቃሉ? ምን አልሽ?" ይህች ጥያቄ ወደ እምቢታ ልምምድ ታስገባለች። የእምቢታ ቃሏን ከጓደኞቿ ጋር በምታወራበት ቋንቋ፣ ድምፅ አውጥታ ትለማመድ። አጭር መሆን አለበት። "አልፈልግም፣ ያመኛል።" "ነገ ውድድር አለኝ።" ወይም ጥፋቱን ወላጅ ላይ ማላከክ፦ "እናቴ ሽታ ትለያለች፣ ትገድለኛለች።" ይህን እንድትል አስቀድመው ይፍቀዱላት።

ማምለጫም ያዘጋጁላት። በስልክ አንድ ፊደል ብቻ ስትልክ እርስዎ ደውለው "አሁኑኑ ነይ" ይሏታል፤ መጥተውም ይወስዷታል። ሕጉ አንድ ነው፤ በመንገድ ላይ ምርመራ የለም። ይህ ሕግ አንድ ጊዜ ከተጣሰ ሁለተኛ አትልክም።

ከጀመረች በኋላ ያወቁ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቀን ብዙ ይወስናል። አይጩኹ። አጎትና አክስት ጋ አይደውሉ። ጓደኞቿን በጅምላ አይስደቡ፤ ትከላከላቸዋለችና። "አባትሽ ቢሰማ" የሚለው ማስፈራሪያ አባትን ከእርዳታው ያስወጣዋል። ስልኳን መቀማትና የምሳ ገንዘብ መከልከልም በብዛት የሚደረጉ ናቸው፤ ውጤታቸው ከሌላ ሰው መዋስና መለመን ነው። ንዴቱ ካልበረደ "ነገ እናወራለን" ብሎ ማሳደር ይሻላል። በማግስቱ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

"ልጄ፣ እንደምታጨሺ አውቄአለሁ። ደንግጫለሁ እንጂ አልጠላሁሽም። ማንም ዘመድ አይሰማም። ስታጨሺ ምን ይሰማሻል? ሳታገኚ ስትቀሪስ?"

ከዚያ ዝም ብሎ መስማት። የመጀመሪያው መልስ "ምንም" ሊሆን ይችላል፤ በሁለት ቀን ልዩነት ድጋሚ ይጠይቁ።

እርምጃ 6፦ ሱሱ ምን ያህል እንደያዛት ይለኩ

ብዛቱ ብቻ አያሳይም። በየቀኑ ማጨስ ሳትጀምር በፊት መቆጣጠር ያቃታት ልጅ ልትኖር ትችላለች። የአንጎል እድገት እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ስለሚቀጥል ታዳጊዎችን ኒኮቲን ቶሎ ይይዛል፤ በየቀኑ ከሚያጨሱ አዋቂዎች አብዛኞቹም የቀመሱት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። አብራችሁ እነዚህን መልሱ፦

ከእንቅልፍ ከተነሣች በስንት ደቂቃ ትጠቀማለች? በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንካራ ነው፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ደግሞ በጣም ጠንካራ።
ሌሊት ነቅታ ታጨሳለች?
ለማቆም ሞክራ አቅቷት ያውቃል?
ክልክል በሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት፣ ሳትጠቀም መቆየት ያስቸግራታል?
ስታጣ ትነጫነጫለች፣ ሐሳቧ ይበታተናል?
አንድ ቬፕ ወይም አንድ ፓኬት ስንት ቀን ያቆያታል?

ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ካሉት ጥያቄዎች ለአንዱም ቢሆን "አዎ" ካለች፣ "ስፈልግ አቆማለሁ" የሚለው አባባል ብቻውን አይበቃም፤ ዕቅድ ያስፈልጋል። መልሶቹን ጽፋ ትያዝ፤ ሐኪም ጋ ስትሄድ ያገለግላሉ።

እርምጃ 7፦ የማቆሚያ ቀን ይቁረጡ

ቀኑን የምትመርጠው እሷ ናት፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ከራቀ ይረሳል። የፈተና ሳምንት፣ የሠርግ ወይም የልደት ድግስ ያለበት ቀን፣ እንዲሁም የወር አበባዋ ከመምጣቱ በፊት ያሉት ስሜት የሚከብድባቸው ቀናት ባይሆኑ ይመረጣል። የሐራራው መነጫነጭ በዚያ ላይ ሲደመር ይበዛልና።

እስከዚያው ለአንድ ሳምንት በስልኳ ማስታወሻ ትያዝ፦ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከማን ጋር እንደነበረች፣ ምን እንደተሰማት። በሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት የሚደጋገሙ ጊዜያት ይወጣሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መተኪያ ይዘጋጃል። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከሆነ በሌላ በር ትውጣ፤ ማታ አልጋ ላይ ስልክ ስታይ ከሆነ ስልኩ ሳሎን ይደር፤ ከተጣላች በኋላ ከሆነ የምትደውልላት አንዲት ሰው ትወሰን።

ሲጋራ ለምታጨስ በተቆረጠው ቀን ሙሉ በሙሉ ማቆም ቀስ በቀስ ከመቀነስ ይሻላል። ቬፕ ላይ ግን አንዳንዶች ጥንካሬውን በየአንድ ሁለት ሳምንቱ ዝቅ በማድረግ ይወጣሉ፤ ለምሳሌ ከ20 ወደ 10፣ ከዚያ ወደ ዝቅተኛው፣ ከዚያ ወደ ባዶ። ወጥመዱ ማካካስ ነው። ኒኮቲኑ ሲቀንስ ደጋግማና አጥልቃ ትስባለች፤ መጠኑም እዚያው ይሆናል። ስለዚህ ጥንካሬው ሲቀንስ የምትስብባቸው ሰዓቶችም አብረው ይገደቡ። በምንም መንገድ ቬፕን ለመተው ብላ ወደ ሲጋራ አትለፍ።

በዋዜማው ሁሉም ይወገድ፦ ትርፍ ቻርጀር፣ ባዶ ካርትሪጅ (የቬፕ ፈሳሽ መያዣ)፣ ላይተር ሳይቀር። "ለክፉ ቀን" ተብሎ ካልሲ ውስጥ የሚቀመጠው አንዱ ነው ብዙውን ጊዜ የሚያገረሸው። የቬፕ ባትሪ ሊቲየም ስለሆነ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ወደ ባትሪ መሰብሰቢያ ይወሰድ። ቬፕ የሚያሳዩ ገጾችንም ከስልኳ ራሷ ታጥፋ።

እርምጃ 8፦ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪም ይጠይቁ

ለታዳጊዎች ዋናው ሕክምና ምክርና ክትትል ነው። የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ በአንዳንድ አገሮች ከ12 ዓመት ጀምሮ ሲሰጥ፣ በሌሎች ከ18 በታች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም። የአዋቂ ዘመድ የተረፈውን ፕላስተር ለልጅ መስጠት ስሕተት ነው። ፕላስተሮቹ ጥንካሬያቸው ይለያያል፤ ለምሳሌ የ24 ሰዓቱ በ21፣ 14 እና 7 ሚሊግራም ይመጣል። ለቀን አንድ ሁለት ለምታጨስ ልጅ ከፍተኛው ቢለጠፍ ያስመልሳታል፣ ያዞራታል።

ፕላስተር ከታዘዘ ጠዋት፣ ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ፣ በየቀኑ ቦታ እየተቀየረ ይለጠፋል። እንቅልፍ ከነሣት ወይም ቅዠት ካመጣባት ማታ ሊነሣ ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቁ። ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። ብዙዎች "አቃጠለኝ፣ ስቅታ አመጣብኝ" ብለው የሚተዉት ኒኮቲኑን ስለሚውጡት ነው። ቀስ ብላ ታኝካለች፤ በርበሬ በርበሬ ሲላት ወይም ድዷን ሲነዝራት በጉንጯና በድዷ መካከል ታሳርፈዋለች፤ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ታኝካለች፤ ለ30 ደቂቃ ያህል። ከ15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ጭማቂ፣ ለስላሳ ወይም ቡና መጠጣት የለባትም፤ አሲዱ ኒኮቲኑ በአፍ እንዳይሰርጽ ያደርጋል።

የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ካለች ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ኤስትሮጅን ያለበት እንክብልና ሲጋራ ሲገናኙ የደም መርጋት አደጋ ይጨምራል፤ አደጋው ከዕድሜ ጋር ከፍ ይላል። ይህን እናቷ ፊት አትናገርም። ስለዚህ ሐኪም ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻዋን ይተዉአት፤ ቅር አይበልዎት።

እርምጃ 9፦ የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት

ሐራራው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ይጀምርና ሁለተኛና ሦስተኛው ቀን ላይ ይበረታል፤ ከዚያ እየቀነሰ በሁለትና በአራት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይለቃል። አንዱ የሐራራ ማዕበል ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው። ሥራው እነዚያን ደቂቃዎች ማሳለፍ ነው፦ ከቦታው መነሣት፣ ቀዝቃዛ ውኃ በትንሽ በትንሹ መጠጣት፣ አሥር ጊዜ በዝግታ መተንፈስ፣ ለተመረጠችው ሰው መልእክት መላክ።

ቤተሰቡ አስቀድሞ ይስማማ። በዚያ ሳምንት በር ብትዘጋ፣ ክፉ ቃል ብትመልስ፣ እንደ ንቀት አይቆጠርባት። ቁጣው ሲበርድላት እንጂ በዚያው ቅጽበት አትገሠጽም።

ቡና ወይም የኃይል መጠጥ የምትጠጣ ከሆነ በግማሽ ትቀንስ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገው ነበር፤ ጭሱ ሲቀር ያው የተለመደው መጠን በደሟ ውስጥ ስለሚበዛ ልቧ ይመታል፣ እንቅልፍ ይነሣታል። ይህን የኒኮቲን ሐራራ መስሏት ወደ ሲጋራ የምትመለስ አትታጣም። ቬፕ ብቻ ለነበረች ይህ አይሠራም፤ ለውጡን የሚያመጣው የሚነደው ትምባሆ ጭስ ነውና።

ስለ ክብደት አይዋሿት። የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ አዋቂዎች በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 4 ወይም 5 ኪሎ ይጨምራሉ። ማቆምንና አመጋገብ መቆጣጠርን ባንድ ጊዜ መጀመር ግን ሁለቱንም ያፈርሳል። ቁርስ አለመዝለል፣ አፍን የሚያስቆይ ካሮትና ፍራፍሬ ማዘጋጀት፣ በቀን ግማሽ ሰዓት መራመድ ይበቃል። ቤት ውስጥ ማንም ስለ ሰውነቷ አስተያየት አይስጥ፤ "ወፈርሽ፣ አማረብሽ" የሚለው ምርቃት እንኳ ይቅር። ምግብ መዝለል ወይም በልቶ ማስመለስ ከታየ ራሱን የቻለ ችግር ስለሆነ ለሐኪም ይነገር።

እርምጃ 10፦ ሲያገረሽባት

አንድ ቀን አጭሳ ብትገኝ ሁሉ ነገር ፈረሰ ማለት አይደለም። ሰው በመጀመሪያው ሙከራ የሚያቆመው አልፎ አልፎ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጥያቄ፦ የት ነበርሽ? ከማን ጋር? ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር? መልሱ በማስታወሻው ላይ ይጨመርና ዕቅዱ እዚያ ቦታ ላይ ይስተካከላል። የማቆሚያ ቀኑ ወደ ሚቀጥለው ወር አይገፋም፤ ነገውኑ ይቀጥላል። "ምለሽ አልነበር?" ማለት አያዋጣም። መሐላ ያስገቧት ልጅ ስታፈርስ ደብቃ ታፈርሳለች።

እርምጃ 11፦ ከቤት ውጭ ያለውን እርዳታ መጠቀም

የትምህርት ቤት ነርስ ወይም አማካሪ፣ የቤተሰብ ሐኪም፣ በብዙ አገሮች ያለው ነፃ የማጨስ ማቆሚያ የስልክ መስመር፣ ለወጣቶች በአጭር መልእክት የሚላክ የማቆሚያ ፕሮግራም፤ መጀመሪያ የሚሞከሩት እነዚህ ናቸው። ቀጠሮ ሲይዙ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ አስተርጓሚ ያስፈልገናል በሉ፤ ልጅቷ በራሷ ጉዳይ ላይ ለእናቷ አስተርጓሚ መሆን የለባትም፤ አስተርጓሚዋ ከማኅበረሰቡ የምትታወቅ ሰው ከሆነችም በስልክ የሚያስተረጉም ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ልጅቷ የምትናገረው ምኑ በምስጢር እንደሚያዝ፣ ምኑ ለወላጅ እንደሚነገር ከመጀመሩ በፊት ይገለጽላት።

ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ደም ያለበት አክታ ወይም መንቀጥቀጥ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፤ ምን እንደሳበችም ሳይደበቅ ይነገራል፤ የቬፑ ዕቃ ካለ ይዘው ይሂዱ። ካቆመች በኋላ ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ካልለቀቃት፣ ከሰው ከራቀች ወይም "መኖር ሰልችቶኛል" ካለች፣ ነገሩ ከሐራራ ያለፈ ነው፤ በዚያው ቀን ባለሙያ ጋ ትድረስ፤ ብቻዋንም አትተዉአት።

ለሐኪሙ የሚወሰደው ወረቀት አጭር ይሁን፦ የምትጠቀመው ምርትና ጥንካሬው፣ ከተነሣች በስንት ደቂቃ እንደምትጀምር፣ ስንት ጊዜ ለማቆም እንደሞከረች፣ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት፣ የማቆሚያው ቀን። የመጀመሪያው ክትትል ካቆመች በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ሁለተኛው በአንድ ወር ውስጥ እንዲሆን ከክሊኒኩ ሳይወጡ ያስመዝግቡ።